ግጥምና ስሌት በአንድ ሰሌዳ ላይ
(ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለማታ ተማሪዎች የቀረበ ትምህርት)



ሒሳብና ግጥም የማይገናኙ የሚመስሏቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ሒሳብ የጠመኔና የሰሌዳ፣ ግጥም ደግሞ የሠርግ፣ የለቅሶና የበዓል ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ነገር ግን የአማርኛ ግጥም ያለ ቁጥር አይቆምም። ገጣሚው በጣቱ ባይቆጥረውም ጆሮው ይቆጥርለታል፤ ስንኙ አንድ ቀለም ቢጎድለው ወይም ቢተርፈው አድማጩ ወዲያው ያውቅበታል። በዚህ ትምህርት ጆሮ የሚቆጥረውን ይህን ቁጥር ወደ ሰሌዳ አውጥተን ለልጆቻችን የሒሳብ ማስተማሪያ እንዴት እንደምናደርገው እንመለከታለን።

ጉዳዩ ለጨዋታ ብቻ የሚነሳ አይደለም። የጅቡቲ መንግሥታዊ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና አረብኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 የኢጋድ አባል አገሮች እዚሁ ጅቡቲ ከተማ ላይ ባወጡት መግለጫ ስደተኛ ልጆችን በየአገሩ ብሔራዊ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለማካተት ቃል ገብተዋል። ይህ ለልጆቻችን በር የሚከፍት መልካም ነገር ነው። ሆኖም ልጁ በትምህርት ቤት በሌላ ቋንቋ ሲቆጥር ውሎ ማታ ቤት ሲገባ እናቱ «ሰማንያ ሰባት» ስትለው ግራ የሚገባው ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይጎድላል። ልጁ ቋንቋውን ያጣል፤ እናቱ ደግሞ በገበያና በዕደላ ቦታ የሚያሰላላትን ረዳት ታጣለች። ስለሆነም ቋንቋውንና ስሌቱን አንድ ላይ ማስተማር የሁለቱንም ጉድለት በአንድ ሰዓት ለመሙላት ያስችላል። ለዚህ ትምህርት መጽሐፍ አያስፈልግም፤ መዳፍ፣ ጠመኔና ጥቂት ጠጠሮች ይበቃሉ።

1. መጀመሪያ ቀለም መቁጠር

በአማርኛ ግጥም የመለኪያው አሃድ «ቀለም» ይባላል። ቀለም ማለት ፊደል ማለት አይደለም፤ በአንድ ትንፋሽ ተሰምቶ የሚያልፍ የድምፅ ክፍል ነው። ለምሳሌ «ስድስት» የሚለው ቃል በፊደል አራት ነው፤ ሲነገር ግን «ስድ–ድስት» ተብሎ ሁለት ቀለም ብቻ ይሆናል። «እናት» ሦስት ፊደል፣ ሁለት ቀለም ነው። «ጅቡቲ» ግን ሦስት ፊደልም ሦስት ቀለምም ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሳድስ ፊደላት ነው። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ የራሱ ድምፅ ይኖረዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከፊቱ ያለውን ቀለም ዘግቶ ዝም ይላል። ዝም ሲል አይቆጠርም።

ትናንሽ ልጆችን ስናስተምር ይህን ሁሉ ማብራራት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ስም እየጠራ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጊዜ ያጨብጭብ፤ ላጨበጨበበት ልክ ጠጠር ያስቀምጥ። ከዚያ ማን ሁለት፣ ማን ሦስት፣ ማን አራት ቀለም ያለው ስም እንዳለው በሰሌዳ ላይ ይመዝገብ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ቆጠራን፣ መመደብንና ማወዳደርን ተማረ ማለት ነው።

2. የቤቶቹ ልክ

ስንኝ ብዙውን ጊዜ በመሐል ዕረፍት ለሁለት ሐረግ ይከፈላል። ከታወቁት የአማርኛ ግጥም ቤቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተለው ልክ አላቸው።

ቡሄ በሉ ቤት፦ 4 + 4 = 8 ቀለም
ሰንጎ መገን ቤት፦ 5 + 5 = 10 ቀለም
የወል ቤት፦ 6 + 6 = 12 ቀለም
የፀጋዬ ቤት፦ 8 + 8 = 16 ቀለም

የመጨረሻው ልክ ስሙን ያገኘው ከሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ልጆች እዚህ ላይ ብዙ ነገር ማስተዋል ይችላሉ። አራቱም ድምሮች ሙሉ ቁጥሮች (ለሁለት የሚካፈሉ) ናቸው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት እኩል ሐረግ አለው። የፀጋዬ ቤት አንድ ስንኝ ከቡሄ በሉ ቤት ሁለት ስንኝ ጋር እኩል ነው። በወል ቤት የተጻፈ ባለ አራት ስንኝ ግጥም 4 × 12 = 48 ቀለም ይኖረዋል። እንዲህ ያለውን የማባዛት ጥያቄ ከመጽሐፍ ከመገልበጥ ይልቅ ልጁ ራሱ በጻፈው ግጥም ላይ ቢሠራው መልሱን በጭብጨባ ማረጋገጥ ይችላል።

3. ጥያቄው ራሱ ግጥም ሲሆን

በሕንድ አገር ብሃስካራ የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1150 «ሊላቫቲ» የተባለውን መጽሐፉን ሲጽፍ ደንቦቹንና ጥያቄዎቹን በግጥም ነበር ያቀረበው። ግጥም በቃል ለመያዝ ስለሚቀል ተማሪው ጥያቄውን ይዞ እየሄደ ያስበዋል። እኛም ከእንቆቅልሽ ጋር ያደግን ስለሆነ መንገዱ እንግዳ አይሆንብንም። የሚከተሉት ለዚህ ትምህርት የተዘጋጁ ናቸው።

ሀ/ በወል ቤት (6/6)

አምስት ሊትር ውሃ / ቀዳች እናታችን፤
ሩብ ሊትር ብርጭቆ / ስንት ጊዜ ሞላልን?

መፍትሔ፦ በአንድ ሊትር ውስጥ አራት ሩብ አለ። ስለዚህ 5 × 4 = 20 ብርጭቆ። ጠጠር ወይም እውነተኛ ብርጭቆ በመጠቀም ማሳየት ይቻላል።

ለ/ በወል ቤት (6/6)

አንዱን ዳቦ ላራት / ቆርሰን ብንካፈል፣
የሦስቱ ሰው ድርሻ / ምን ተብሎ ይጻፋል?

መፍትሔ፦ የአንዱ ሰው ድርሻ አንድ አራተኛ ስለሆነ የሦስቱ ሦስት አራተኛ፣ ማለትም 3/4 ነው። ሦስቱ ላዕል፣ አራቱ ታህት ይባላሉ። «ለአራት» የሚለው በግጥሙ ውስጥ «ላራት» ተብሎ የተጻፈው ሲነበብ ሁለት ቀለም ስለሆነ ነው።

ሐ/ በሰንጎ መገን ቤት (5/5)

ሺህ ፍራንክ ይዛ / ገበያ ወርዳ፣
ስድስት መቶውን / ከፍላ ለዕዳ፣
በቀረው ዳቦ / አንዱ በሃምሳ፣
ስንት ገዛችልን / እኛን ሳትረሳ?

መፍትሔ፦ 1000 − 600 = 400 ፍራንክ ቀራት። 400 ÷ 50 = 8 ዳቦ። መምህሩ የዳቦውን ዋጋ በሠፈሩ ዋጋ ሊለውጠው ይችላል። ነገር ግን አዲሱ ቁጥር የቀለሙን ልክ እንዳይሰብር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ «በሃምሳ» ሦስት ቀለም ነው፣ «በመቶ»ም ሦስት ነው፣ «በስልሳ»ም እንዲሁ። «በአርባ አምስት» ቢባል ግን ልኩ ይፈርሳል።

4. ለቤተሰብ የሚጠቅም አንድ ስንኝ

ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክ ገንዘብ የሚጠብቁ ቤተሰቦች በመካከላችን አሉ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ዶላር ላይ በተወሰነ ልክ የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ይህንን ቁጥር በወል ቤት መያዝ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ስድስት ቀለም አለውና።

መቶ ሰባ ሰባት / ነው ያንድ ዶላር ዋጋ፤
ሃያውን ቁጠረው / ደላላ ሳትጠጋ።

20 × 177 = 3540 ፍራንክ። ከነጥቡ በኋላ ያለው ሲጨመር ትክክለኛው 3554.42 ይሆናል። ግጥሙ ነጥቡን ስለጣለ መልሱ በ14 ፍራንክ ገደማ ያንሳል፤ ይህም ለልጆች ግምታዊና ትክክለኛ ስሌት የሚባሉትን ለማስረዳት ጥሩ ምሳሌ ነው። መንዛሪው ለሥራው የሚያስቀረው ነገር ስላለ እጅ ላይ የሚደርሰው ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ነገር ግን አንድ ሰው ለሃያ ዶላር 2900 ፍራንክ ቢያቀርብ፣ ይህን ስንኝ የያዘች ልጅ ለእናቷ «ከስድስት መቶ ፍራንክ በላይ ይጎድላል» ብላ ወዲያው መናገር ትችላለች። ግጥሙ ሰሌዳና እርሳስ በሌለበትም ቦታ አብሯት ይሄዳል።

5. የዘጠኝ ብዜት ምስጢር

የማባዣ ሠንጠረዥን በዜማ መያዝ የቆየ ልማድ ነው። አሁን ግን የዘጠኝን ብዜት በቡሄ በሉ ቤት (4/4) እንሞክረው።

ዘጠኝ ሁለት / አሥራ ስምንት፤
ዘጠኝ ሦስቴ / ሃያ ሰባት፤

እስከዚህ ድረስ ልኩም ቤት መምቻውም ሰምሯል። ቀጥሎ «ዘጠኝ አራት / ሠላሳ ስድስት» ስንል ግን ሁለተኛው ሐረግ አምስት ቀለም ይሆንብናል። ልጆቹ ራሳቸው «ተሰበረ!» ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ መምህሩ ሁሉንም ብዜቶች ቀስ ብለው በማጨብጨብ እንዲለኩ ያድርግ።

18 አሥራ ስምንት — 4
27 ሃያ ሰባት — 4
36 ሠላሳ ስድስት — 5
45 አርባ አምስት — 4
54 ሃምሳ አራት — 4
63 ስልሳ ሦስት — 3
72 ሰባ ሁለት — 4
81 ሰማንያ አንድ — 4

ስድስቱ በልክ ናቸው፤ አንዱ ይተርፋል፣ አንዱ ይጎድላል። የቀለሞቹ ድምር 32 ነው። ለስምንት ሲካፈል አማካዩ በትክክል 4 ይመጣል፤ 36 የተረፈውን 63 አጎደለው። ደግሞም 36 እና 63 አሃዞቻቸው ተገለባብጠው የተጻፉ መሆናቸውን ልጆቹ ያስተውሉ። ሌላም አለ፤ በእያንዳንዱ ብዜት ውስጥ ያሉትን ሁለት አሃዞች ብንደምር ሁልጊዜ ዘጠኝ እናገኛለን፦ 1 + 8፣ 2 + 7፣ 3 + 6 እያለ ይቀጥላል። ልጁ ዘጠኝ በሰባት ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ቢጠራጠር፣ የአሃዞቹ ድምር ዘጠኝ መሆኑን አይቶ መልሱን ያረጋግጣል።

በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆች ደግሞ የሁለቱን ቋንቋዎች አቆጣጠር ያወዳድሩ። በአማርኛ «ዘጠና ሰባት» ዘጠና እና ሰባት ብቻ ነው። በፈረንሳይኛ ግን «ካትር-ቫን-ዲስ-ሴት» ሲባል 4 × 20 + 10 + 7 ማለት ነው። በቁጥሩ ስም ውስጥ ማባዛትም መደመርም አለበት። ይህንን በአማርኛ የተረዳ ልጅ በፈረንሳይኛ ክፍል ውስጥ ከሰባ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች አይፈራም።

6. ከፍ ላሉ ተማሪዎች

አንድ ቀለምና ሁለት ቀለም ያላቸው ቃላት ብቻ አሉን እንበል። አራት ቀለም ያለውን ሐረግ በስንት ዓይነት መንገድ መሙላት እንችላለን? ብንዘረዝረው፦ 1+1+1+1፣ 1+1+2፣ 1+2+1፣ 2+1+1፣ 2+2፤ በጠቅላላው አምስት ነው። ለአምስት ቀለም ስምንት መንገድ፣ ለስድስት ቀለም አሥራ ሦስት መንገድ ይገኛል።

ተራው እንዲህ ይሄዳል፦ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13። ከሦስተኛው ጀምሮ እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት የሁለቱ ድምር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሐረጉ የመጨረሻ ቃል ወይ ባለ አንድ ቀለም ነው ወይ ባለ ሁለት። ባለ አንድ ከሆነ ከፊቱ አምስት ቀለም ይቀራል፤ ያም በ8 መንገድ ይሞላል። ባለ ሁለት ከሆነ አራት ቀለም ይቀራል፤ ያም በ5 መንገድ ይሞላል። 8 + 5 = 13።

ይህ ተራ በአውሮፓ የታወቀው በፒሳው ሌዎናርዶ፣ በቅጽል ስሙ ፊቦናቺ፣ እ.ኤ.አ. በ1202 መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ከእርሱ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሄማቻንድራ የተባለ የሕንድ ሊቅ የግጥም ልክ ሲቆጥር አግኝቶት ነበር። በዚያ ግጥም አጭር ድምፅ አንድ፣ ረጅም ድምፅ ሁለት ተብሎ ይቆጠራልና ጥያቄው ከላይ ከጠየቅነው ጋር አንድ ነው። ይህ የሒሳብ ግኝት ከግጥም ቆጠራ ወጣ ማለት ነው።

7. ጎረቤቶቻችንና የራሳችን ሊቃውንት

ግጥምን በቁጥር መለካት የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። በአረብኛ፣ የባስራው ሊቅ ኸሊል ኢብን አሕመድ በ8ኛው ክፍለ ዘመን የአረብኛን ግጥም 15 ልኮች ለይቶ በአምስት ክቦች አስቀምጧቸዋል። ስለ ኩብ እኩልታዎች የጻፈው ኦማር ኻያም (1048–1131 እ.ኤ.አ.) በባለ አራት ስንኝ ግጥሞችም ስሙ የሚጠራ ነው። በሶማልኛ ግጥም ረጅም አናባቢ ሁለት፣ አጭር አናባቢ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ ገጣሚው መሐመድ ሐሺ ዳማዕ (ጋሪዬ) እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን ሕግ በጋዜጣ ላይ አውጥቶ አስረድቷል። ስለዚህ ልጆቻችን ከሶማሌ ጓደኞቻቸው ጋር ቢወዳደሩ የሚነጋገሩበት ነገር አላቸው።

በአገራችን የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየ ተሻግሮ፣ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የባሕረ ሐሳብ ተማሪም ስሌቱን በቃሉ ይይዘዋል። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም.ን እንይ። 5500 + 2018 = 7518። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 × 11 = 132፤ በሠላሳ ሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። 12 × 19 = 228፤ በሠላሳ ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30፤ ሁልጊዜም 30 ስለሚመጣ ተማሪው በዚህ ስሌቱን ያረጋግጣል።

አሥራ አንድ ከየት መጣ? የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ልዩነቱ 11 ነው። የሙስሊም ልጆችም ይህን ቁጥር ያውቁታል፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ የሚገባው በዚሁ ልዩነት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ክርስቲያንና ሙስሊም ልጆች አንዱ በአበቅቴ፣ ሌላው በረመዳን አድርገው ወደ አንድ ቁጥር ይደርሳሉ።

8. ለመምህራን ምክር

አንድ፣ ለቤት መምቻ ሲባል ቁጥር አይቀየርም። መልሱ 8 ሆኖ ሳለ ለቤት እንዲመች 7 ያለ ልጅ፣ ስንኙ ቢያምርም መልሱ ስሕተት ነው። ቃሉን ይለውጥ እንጂ ቁጥሩን አይንካ። በዚህ ጠንካራ መሆን ያስፈልጋል፤ ዕደላ ቦታ ላይ ቁጥር በውበት አይለካምና።

ሁለት፣ በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ ወይም ትግርኛ የሚናገሩ ልጆች በየቋንቋቸው እንዲያጨበጭቡና እንዲገጥሙ ይፈቀድላቸው። ልኩ ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል፤ ልዩነቱን መቁጠር ራሱ ትምህርት ነው።

ሦስት፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶች በዚህ ትምህርት ከልጆቻቸው ሊበልጡ ይችላሉ። ብዙ ስንኝ በቃላቸው የያዙት እነርሱ ናቸውና በማታ ክፍል የጆሮ ዳኛ ይሁኑ፤ ስንኙ ሲሰበር ይናገሩ፤ ልጁ ደግሞ ቁጥሩን በሰሌዳ ያሳያቸው።

አራት፣ ለአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፦ 10 ደቂቃ ማጨብጨብ፣ 10 ደቂቃ አንድ የግጥም ጥያቄ መፍታት፣ 15 ደቂቃ በቡድን የራስን ጥያቄ መግጠም፣ 5 ደቂቃ ማረም። አንድ ቡድን ከአራት ልጅ ባይበልጥ ይመረጣል።

መልመጃ

1. ስልሳ ቀለም ያለው ግጥም በወል ቤት ስንት ስንኝ ይሆናል? በሰንጎ መገንስ? በቡሄ በሉ ቤትስ ይቻላል?
2. ሦስት ልጆች አንዱ በወል፣ አንዱ በሰንጎ መገን፣ አንዱ በቡሄ በሉ ቤት ጽፈው የቀለሞቻቸው ብዛት እኩል እንዲሆን ይፈልጋሉ። ስንኞቹም ሁለት ሁለት ሆነው ቤት እንዲመቱ ነው። ትንሹ የቀለም ብዛት ስንት ነው?
3. አንድና ሁለት ቀለም ባላቸው ቃላት ሰባት ቀለም ያለውን ሐረግ በስንት መንገድ መሙላት ይቻላል?
4. የ2019 ዓ.ም. አበቅቴና መጥቅዕ ስንት ናቸው?
5. የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ውሃ እንዲደርስ ይመክራል። ስድስት ሰው ላለበት ቤት በቀን ባለ 20 ሊትር ስንት ጀሪካን ያስፈልጋል? ጥያቄውንና መልሱን በወል ቤት ግጠሙት።

መልሶች

1. በወል 5፣ በሰንጎ መገን 6። በቡሄ በሉ 60 ÷ 8 = 7 ሆኖ 4 ቀለም ይቀራል፤ ግማሽ ስንኝ ስለሚተርፍ አይቻልም።
2. የሁለት ሁለት ስንኝ ቀለም 24፣ 20 እና 16 ነው። ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 240። ስንኞቹም 20፣ 24 እና 30 ይሆናሉ።
3. 13 + 8 = 21።
4. ወንበሩ 13፣ አበቅቴው 23፣ መጥቅዑ 7። ድምራቸው 30።
5. 6 × 20 = 120 ሊትር፤ 6 ጀሪካን። ግጥሙን የምታርሙት እናንተው ናችሁ፤ በየሐረጉ ስድስት ጊዜ አጨብጭቡና ልኩን አረጋግጡ።